አንቱ የተባለው ሕፃን፦ ምልሰት፣ የጀግና አነሣሥና የምዕራብ ሸዋ ሁለት ልጆች

(በሕዝባዊ ንግግር መርሐ ግብር ላይ በቃል ከቀረበ በኋላ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



ዛሬ እዚህ አምቦ ላይ የምናገረው ስለ ጀግና አነሣሥ ነው። መንደርደሪያዬ ግን ከመዝገብ ቤት የተገኘ ሰነድ ሳይሆን የቴሌቪዥን ድራማ ነው። ከእናንተ መካከል አንዳንዶች የምታውቁት «ሂሮስ» የተባለው የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ፣ ከሰው ዐቅም በላይ የሆነ ኃይል በድንገት የተገኘባቸውን ተራ ሰዎች ታሪክ ይተርካል። ድራማው ዘጠኝ ክፍል ወደ ፊት ከተጓዘ በኋላ፣ በኅዳር 1999 ዓ.ም. በተላለፈው ዐሥረኛ ክፍሉ ቆም ይልና ወደ ኋላ ይመለሳል። የዚያ ክፍል ርእስ «ከስድስት ወር በፊት» ነው። እስከዚያ ድረስ ስሙ ብቻ ሲያስፈራን የነበረው ነፍሰ ገዳይ፣ በዚህ ክፍል ገብርኤል የሚባል ጸጥተኛ የሰዓት አዳሽ ሆኖ ይታያል። ያስፈራን የነበረውን ስም ያገኘው ከአንድ የእጅ ሰዓት ላይ ነው። ቁስሏ ወዲያው የሚድንላት ተማሪም ይህን ኃይሏን ለመጀመሪያ ጊዜ ስታውቅ እናያለን። ጊዜን ማጠፍ የሚችለው ጃፓናዊው ሂሮ ደግሞ የወደዳትን አስተናጋጅ ከሞት ሊያድን ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ሳያድናትም ይመለሳል።

የሥነ ጽሑፍ መምህሮቻችን ይህን ስልት ምልሰት ይሉታል። ምልሰት ኃይል የሚያገኘው ተመልካቹ መጨረሻውን ስለሚያውቅ ነው። የሰዓት አዳሹ ዝምታ ለጎረቤቶቹ ተራ ዝምታ ነበር፤ ለእኛ ግን የሚመጣውን ስለምናውቅ ምልክት ይሆንብናል። በምልሰት ውስጥ ድንገተኛ ነገር የለም። ሁሉም ነገር ወደምናውቀው ፍጻሜ ጣቱን ይቀስራል።

ጥያቄዬ እንግዲህ ይህ ነው፤ እኛ የታሪክ ሰዎች ስለ አንድ ጀግና ልጅነት ስንጽፍ ከዚህ የተለየ ነገር እናደርጋለንን? መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ብዙ ጊዜ አናደርግም። ባለማድረጋችንም የምናጣው ነገር ቀላል አይደለም፤ ጀግናውን ጀግና ያሰኘውን ምርጫውን ራሱን እናጣዋለን።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እናስተውል። የጀግና አነሣሥ የሚጻፈው ከጀግናው በኋላ ነው። ባትማን የተባለው የሥዕላዊ ታሪክ ገጸ ባሕርይ ለአንባቢ የቀረበው እ.ኤ.አ. በሜይ 1939 ነበር። ወላጆቹ በዐይኑ ፊት መገደላቸውን፣ ለዚያም ሲል ወንጀልን ለመዋጋት መማሉን አንባቢ ያወቀው በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ነው። ስድስት ወር ሙሉ ጀግናው ያለ ልጅነት ኖረ። ልጅነቱ የተፈጠረለት አንባቢ ከወደደው በኋላ ነው።

ይህ የባዕድ አገር ፈጠራ ብቻ አይምሰለን። በ1847 ዓ.ም. ካሣ ኃይሉ ቴዎድሮስ ተብሎ ሲነግሥ ስሙ ራሱ ከእሱ በፊት የነበረ ነው፤ ፍካሬ ኢየሱስ በሚባለው መጽሐፍ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ እንደሚመጣ ይነገር ነበርና። ከነገሠ በኋላ ስለ ልጅነቱ ሁለት ታሪኮች ጎን ለጎን ቆሙ። ባላንጣዎቹ እናቱን ኮሶ ሻጭ አሏት፤ ደጋፊዎቹ ዘሩን ከሰሎሞን ሐረግ አገናኙት። ሁለቱም ወገኖች የሚናገሩት ስለ ሕፃኑ ካሣ ይመስላል። በእርግጥ ግን የሚከራከሩት ስለ ንጉሡ ቴዎድሮስ ነበር። ልጅነቱ የክርክሩ ሜዳ ሆነ እንጂ የክርክሩ ጉዳይ አልነበረም።

ጀግናን በሁለተኛ ስም መጥራትም ለእኛ አዲስ አይደለም። ካሣ አባ ታጠቅ ነው፤ ምኒልክ አባ ዳኘው ነው። ከዚሁ ከሸዋ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ምድር፣ ከጨቦ ተነሥተው በ1900 ዓ.ም. የጦር ሚኒስትር የሆኑት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴም አባ መላ ናቸው። የፈረስ ስም በፉከራና በቀረርቶ፣ በኦሮምኛውም በጌራርሳ እየተነሣ ይዘልቃል፤ ጌራርሳ የሚያሰማው ሰው ትውልዱን ቆጥሮ፣ ሥራውን ዘርዝሮ ማንነቱን ይናገራል። ስለዚህ የምልሰት ጥበብ ከቴሌቪዥን በፊት በአደባባያችን ነበር። ልዩነቱ አንድ ነው፤ በጌራርሳ ወደ ኋላ የሚመለሰው ባለ ታሪኩ ራሱ ነው። በመጽሐፍ የምንመልሰው ግን እኛ ነን።

ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። አማርኛችን በሰዋስዉ ውስጥ የተደበቀ የራሱ ምልሰት አለው። የሚከተለውን ዐረፍተ ነገር አድምጡ፤ «ሌተና ጄኔራል ጃገማ ኬሎ በ1913 ዓ.ም. በጊንጪ አካባቢ፣ ዩብዶ በተባለ ስፍራ ተወለዱ።» ተወለዱ! ገና ጡት ያልያዘውን ሕፃን አንቱ አልነው። ማዕርጉን ከስሙ በፊት አስቀደምን፤ ግሡንም በክብር አበዛነው። ያ ሕፃን ገና ሳያለቅስ ጄኔራል ሆነ። ይህን የምለው አክብሮትን ለመንቀፍ አይደለም፤ ለአረጋዊ አርበኛ አንቱታ ይገባል። ሆኖም ግሡ አክባሪ በሆነ ቁጥር፣ ጸሐፊውም ሆነ አንባቢው ሳያውቁት መጨረሻው መጀመሪያው ውስጥ ይገባል። ልጅ ሊሳሳት ይችላል፣ ልጅ ሊፈራ ይችላል፣ ልጅ ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል። «እሳቸው» ግን አይመለሱም።

ስለዚህ በዚህ ንግግር አንድ ነገር እንድትፈቅዱልኝ እለምናለሁ። ጄኔራሉን እሳቸው እላለሁ፤ ልጁን እሱ እላለሁ።

ልጁ በ1928 ዓ.ም. ዕድሜው 15 ነው። የምንኖርበት ምድር በዚያን ጊዜ የጅባትና ሜጫ አውራጃ ይባል የነበረው ነው። ሚያዝያ 24 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ወጡ፤ ሚያዝያ 27 ቀን የጣሊያን ጦር ከተማዋን ያዘ። በመማሪያ መጻሕፍታችን ይህ ቀን የአምስቱ ዓመት ወረራ መጀመሪያ ነው። ጊንጪ ላይ ላለ ልጅ ግን «አምስት ዓመት» የሚባል ነገር አልነበረም። አምስት መሆኑ የታወቀው በአምስተኛው ዓመት ነው። ሃምሳም ሊሆን ይችል ነበር።

እስቲ በዚያ ክረምት ከዚህ ስፍራ ቆመን ዙሪያችንን እንመልከት። በምሥራቅ አዲስ አበባ በጠላት እጅ ናት። ሆኖም ዝናቡ መንገዱን ስለ ዘጋው፣ አርበኞችም ከተማዋን ስለ ከበቧት ወራሪው ከዋና ከተማዋና ከዋና ዋና መስመሮች ርቆ መሄድ አልቻለም። በምዕራብ ጎሬ ላይ በራስ እምሩ የሚመራ የኢትዮጵያ መንግሥት ገና አለ። በዚያው ምዕራብ ወለጋ ውስጥ ደግሞ በቀደመው አስተዳደር የተማረሩ ባላባቶች ከጣሊያንም ከአዲስ አበባም የተለየ መንገድ ፈልገው ለዓለም መንግሥታት ማኅበር አቤቱታ ይጽፋሉ። ራስ እምሩ በጎጀብ ወንዝ አጠገብ እጃቸውን የሰጡት በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ነው። ከሚያዝያ እስከዚያ ድረስ ሰባት ወር ከጥቂት ቀናት ይሆናል። እነዚያ ወራት ጅባትና ሜጫ በተያዘች መናገሻና ገና ባልተያዘ መንግሥት መካከል የተንጠለጠለባቸው ወራት ነበሩ።

ድራማው ስድስት ወር ወደ ኋላ ሲመለስ ያሳየን አንድ ታላቅ ነገር አለ፤ አዳኙም ገዳዩም በእነዚያው ወራት ውስጥ መነሣታቸውን። የእኛም ሰባት ወር እንዲሁ ነው። አርበኛውና ባንዳው የተነሡት በአንድ ክረምት ነው። ከአንድ ገበያ፣ አንዳንድ ጊዜም ከአንድ ቤት ወጥተዋል። ከዚህም በላይ ዛሬ ባንዳ የነበረ ነገ ከነመሣሪያው ወደ አርበኛው የሚገባበት፣ የትናንቱ አርበኛ ዛሬ የሚያድርበት ጊዜ ነበር። አንድ ዘር፣ አንድ ቀዬ ወይም አንድ የመሬት ጥያቄ ሁሉንም ወደ አንድ መንገድ አልመራቸውም። ጀግንነት በደም የሚወረስ ቢሆን ኖሮ በዚያ ክረምት ወንድም ከወንድሙ ባልተለየ ነበር።

ጃገማ ጫካ ገባ። ተከታዮች አፈራ፤ በወራሪው ላይ ድንገተኛ አደጋ እየጣለ ስሙ ገነነ። «የበጋ መብረቅ» ተባለ። ይህን ስም በጥንቃቄ እንመልከተው። በክረምት መብረቅ ሲወርድ ማንም አይደነቅም፤ ደመናው አስቀድሞ ተናግሯልና። የበጋ መብረቅ ግን ጥርት ካለ ሰማይ ይወርዳል። ሕዝቡ ይህን ስም ሲያወጣለት «እናውቅ ነበር» አላለም፤ «አላሰብነውም ነበር» ማለቱ ነው። ስም አውጪው ሕዝብ ከእኛ ከታሪክ ጸሐፊዎቹ ይልቅ ታማኝ ነበር። እኛ ግን በልጅነቱ ላይ ደመና እየሳልንለት፣ መብረቁ እንደሚወርድ ገና ከጧቱ ያስታውቅ እንደ ነበር እንጽፋለን። ስሙን እየጠራን የስሙን ትርጉም እንሽረዋለን።

በ1933 ዓ.ም. አርበኛው ጃገማ የአዲስ ዓለምን የጣሊያን ምሽግ ካጠቁት መሪዎች ግንባር ቀደም ሆነ። ያኔ ዕድሜው 20 ነበር። ምልሰታችን በተለምዶ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ልጁ ጀግና ሆነ፣ ሰንደቅ ዓላማው ተሰቀለ፣ ሙዚቃው ተሰማ። ሕይወት ግን ቀጠለች። ልጁ መኰንን፣ መኰንኑም ጄኔራል ሆኑ። በ1960ዎቹ መግቢያ ጄኔራል ጃገማን የምናገኛቸው በባሌ ነው። በዚያ በዋቆ ጉቱ የሚመራው ዐመፅ ለዓመታት ዘልቆ ነበር፤ ከመነሻዎቹም መካከል የመሬትና የአስተዳደር በደል ይገኝበታል። ዋቆ ጉቱ በ1962 ዓ.ም. ከመንግሥት ጋር ታርቆ እጁን ሲሰጥ፣ በመንግሥት ወገን ጉዳዩን የመሩት ጄኔራል ጃገማ ነበሩ።

አሁን እናስብ። በ15 ዓመቱ ለጉልበተኛ መንግሥት አልገዛም ብሎ ጫካ የገባው ልጅ፣ ከሠላሳ ዓመታት በኋላ ከጫካ ሰዎችን ለማውጣት የተላከ ባለ ሥልጣን ሆነ። አንዳንዱ ይህን ተቃርኖ ይለዋል። ሌላው የጫካን ሕይወት የሚያውቅ ሰው ለዕርቅ ይመረጣል ይላል። እኔ የምለው የ1928ቱ ልጅ የ1962ቱን ጄኔራል በውስጡ ይዞ አልተወለደም ነው። በእያንዳንዱ መታጠፊያ አዲስ ውሳኔ ነበረ። አንዱን ቀን «መነሻ» ብለን ስንሾመው የቀሩትን ቀናት ሁሉ ተከታይ እናደርጋቸዋለን። ጄኔራሉ መጋቢት 29 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ ያ ትውልድ አብሮ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶት ነበር።

የሁለተኛውን ልጅ ታሪክ የማመጣው ፈተናው ከዚህም የከበደ ስለ ሆነ ነው። ይህ ልጅ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ነው፤ የአምቦ አጠገቧ የቦዳ ልጅ። በተለምዶ የሚጠቀሰው የልደት ቀኑ ነሐሴ 11 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። አሁን የመቁጠሪያውን ቅጠል ጥቂት ወደ ኋላ እንግለጠው። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አቡነ ጴጥሮስ አዲስ አበባ ላይ ተረሸኑ። በሁለቱ ቀናት መካከል 19 ቀን ብቻ አለ። ሕፃኑ አድጎ ባለ ቅኔና ጸሐፌ ተውኔት ሆነ፤ «ጴጥሮስ ያችን ሰዓት» የተባለውንም ተውኔት ጻፈ።

ይህን ለድራማ ደራሲ ብትሰጡት ምን ያደርግ ነበር? ጥይቱ ይተኮሳል፤ ሥዕሉ ይቀየራል፤ ቦዳ ላይ ሕፃን ያለቅሳል። ተመልካቹም ያለቅሳል። እኔም ይህን ቁጥር መጀመሪያ ያሰላሁ ቀን ልቤ መመታቱን አልክድም። የታሪክ ሰው ግን እዚህ ላይ እጁን መሰብሰብ አለበት። 19ኙ ቀን እውነት ነው። በ19ኙ ቀን ላይ የምንዘረጋው ድልድይ ግን የእኛ ነው። በዚያ ነሐሴ በዚህ አውራጃ የተወለዱ ሌሎች ሕፃናትም ነበሩ፤ ስለ አቡኑ አንድ ስንኝ አልጻፉም። ጸጋዬን ጸሐፊ ያደረገው የልደቱ ቀን ሳይሆን ከዚያ በኋላ የመጣው ረጅም መንገድ ነው። የኦሮሞና የአማራ ወላጆች ያወረሱት ሁለት ቋንቋ፣ የቤተ ክህነቱ ግእዝ፣ የአምቦው ትምህርት ቤት፣ ኋላም የአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶችና የአውሮፓ የቴአትር ቤቶች ልምድ ናቸው። በልጅነቱ ስለ ንጉሥ ዲዮኒስዮስና ስለ ሁለት ወንድማማቾች የጻፈው ተውኔት በንጉሠ ነገሥቱ ፊት መታየቱ ሁልጊዜ ይነገራል። በዚያች ቀን ግን ያ ልጅ አንድ ጥሩ ተማሪ እንጂ ሎሬት አልነበረም።

አስተውላችሁ ከሆነ ጸጋዬን «እሱ» እያልን ነው የምንጽፈው። የሥነ ጽሑፍ ሒስ ደራሲን አንቱ የማለት ልማድ የለውም። በዚህም ምክንያት የጸጋዬ ልጅነት በጽሑፋችን ውስጥ ከጃገማ ልጅነት ይልቅ ልጅነት ይመስላል። ሰዋስዉ ለአንዱ የከፈተውን በር በሌላው ላይ ዘግቶታል።

ጸጋዬ ራሱ ደግሞ በተውኔቱ ርእስ አንድ ትምህርት ትቶልናል። ርእሱ ስለ ጴጥሮስ ልደት ወይም ትውልድ አያወራም፤ «ያችን ሰዓት» ይላል። በፍቼ ሰላሌ ተወልደው ኃይለ ማርያም ይባሉ የነበሩት፣ በ1921 ዓ.ም. ከተሾሙት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ የሆኑት አባት፣ ለወራሪው ከመገዛትና ከሞት አንዱን መምረጥ የነበረባቸው በአንዲት ሰዓት ነው። ሰዓቲቱ ከመድረሷ በፊት መልሱ አልተጻፈም ነበር። መልሱ አስቀድሞ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ተውኔትም፣ ሰማዕትነትም ባልኖረ።

ውድ ተማሪዎች፤ ይህ ሁሉ ለእናንተ ሥራ ምን ይጠቅማል? ከእናንተ ብዙዎች የመመረቂያ ጽሑፋችሁን በየአካባቢያችሁ አርበኞች ላይ ትሠራላችሁ። አምቦ፣ ጉደር፣ ጊንጪ፣ ጀልዱ ገብታችሁ የአርበኞች ልጆችንና የልጅ ልጆችን ትጠይቃላችሁ። እንደምትጠይቁ ይመለስላችኋል። «አባትዎ ከልጅነታቸው ጀምሮ ጀግና ነበሩ?» ብላችሁ ብትጠይቁ አዎ ከማለት በቀር የሚመልስ ልጅ አታገኙም። ይልቁንስ ለመውጣት ሲወስኑ ማን ተቃወማቸው ብላችሁ ጠይቁ። ከብቱን ለማን ተዉ? አብሯቸው ሊወጣ ተማምሎ የቀረ ማን ነው? ወጥቶስ ሳይመለስ የቀረ ማን ነው? ስንቅ ያቀበለች፣ ወሬ ያደረሰች፣ ቁስለኛ ያስተኛች ሴት ማን ነበረች?

የመጨረሻዎቹ ጥያቄዎች ከሁሉም ይበልጥ ይከብዱኛል። ምልሰት የሚደረገው ለታወቀ ሰው ነው። በ15 ዓመቱ ወጥቶ በመጀመሪያው ሳምንት የወደቀ ልጅ ምልሰት የለውም። ወደ እሱ የሚያስመልስ ዝና አልተረፈውምና። ድፍረቱ ከጃገማ ድፍረት ያነሰ መሆኑን ግን ማን ያውቃል? ጀግንነትን ከፍጻሜው ብቻ የምንለካ ከሆነ፣ ከጥይት የተረፈውን ሁሉ ጀግና፣ ያልተረፈውን ሁሉ ምንም እናደርገዋለን። ይህ የአጻጻፍ ስሕተት ብቻ አይደለም፤ በሙታን ላይ የሚፈጸም በደል ነው።

ንግግሬን በጀመርሁበት ልዝጋ። ሂሮ ጊዜን የማጠፍ ኃይል እያለው አስተናጋጇን ሊያድናት አልቻለም። የታሪክ ሰውም ያን ኃይል ቢያገኝ ያለፈውን አይለውጥም፤ የተረሸነውን አይመልስም፣ የወደቀውን ልጅ አያነሣም። አንድ ነገር ግን ይችላል። ለሞቱት ሰዎች በሕይወት ሳሉ የነበራቸውን አለማወቅ ሊመልስላቸው ይችላል። በ1928 ክረምት ጊንጪ ላይ የቆመው ልጅ መጨረሻውን አያውቅም ነበር። ሳያውቅ ወሰነ። ያን ልጅ አንቱ ከማለታችን በፊት ጥቂት ጊዜ እሱ እንበለው፤ ጄኔራሉን የምናከብራቸው ያን ጊዜ ነው።